ስምንተኛው ቁራጭ

የመጨረሻው ተራ ቀን ሐሙስ ነበር። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ምሳ ዘግይቶ ነው የሚቀርበው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ቤት ውስጥ የምንሰማው ጮክ ብሎ የሚናገርን ሰው ብቻ ነው። ወንድሜ ሙሉጌታና እኔ አንድ አልጋ ላይ ነን። እሱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ። አንድ ብርድ ልብስ እግራችን ላይ ጥለን እንግሊዝኛ እናነባለን። አነባለሁ ልበል እንጂ፣ እሱ የራሱን ድርሻ ከጨረሰ ቆይቷል፤ እኔ እስክጨርስ ነው የሚጠብቀው። አልፎ አልፎ በእግሩ ጣት ጎኔን ወጋ ያደርገኝና «ገጽ ስንት ደረስክ?» ይለኛል። እኔም ከደረስኩበት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ጨምሬ እነግረዋለሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉጌታ ከቤት ወጣ። ተመልሶ አልገባም። ይህ ከሆነ አርባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው።

በየክረምቱ አስታውሰዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ሳላስታውሰው ያለፈ ክረምት ብዙ ነው። ዘንድሮ ያስታወሰችኝ የመጨረሻዋ ልጄ ናት። አሥረኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ከትምህርት ቤት በክረምቱ የሚነበቡ አራት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በስልኳ ተልከውላታል። አራቱም እዚያች መዳፍ የምታክል ስልክ ውስጥ ገብተዋል። ሶፋ ላይ ተጋድማ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ትገፋለች። «ገጽ ስንት ደረስሽ?» አልኳት። «አባ፣ በገጽ አይደለም፤ በፐርሰንት ነው የሚያሳየው» አለች። «እሺ፣ ስንት ፐርሰንት?» «ሰማንያ።» ዓይኗን ከስልኩ ላይ አላነሳችም። ሰማንያ እንዳልደረሰች አወቅሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ግን አልነገርኳትም፤ ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

በእኛ ጊዜ መጽሐፉ አንድ ነበር። ለአንድ ተማሪ አንድ ማለቴ አይደለም፤ ለአሥራ አንድ ተማሪ አንድ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር አስራት ቀጭን፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ኮት የሚመላለስ ሰው ነበር። መጽሐፉን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። ሽፋን የለውም፤ የፊት ቅጠሎቹም ወልቀዋል። ስለዚህ የመጽሐፉንም የደራሲውንም ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ከነፋስ ስልክ፣ ከጎፋና ከመካኒሳ የምንመጣውን ልጆች አስቀረንና ከኪሱ ምላጭ አውጥቶ መጽሐፉን ከጀርባው ይቆርጠው ጀመር። አንዲት ልጅ «ውይ!» አለች። «ምን ውይ ያሰኝሻል?» አላት። «ዳቦ ሳይቆረጥ ይበላል እንዴ?» አሥራ አንድ ቁራጭ አደረገው። እያንዳንዱን ቁራጭ በሲሚንቶ ወረቀት ለብጠን በክር ሰፋነው። ክሩን ያመጣነው እኔና ሙሉጌታ ነን፤ አባታችን ክር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ከዚያ ቲቸር አስራት በየቁራጩ ላይ ቁጥር ጻፈና ሕጉን ነገረን። አንድ ሰው አንድ ቁራጭ ሦስት ቀን ይይዛል። አንብቦ በእንግሊዝኛ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ በደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከቁራጩ ጀርባ ስሙን ይፈርምና በስም ዝርዝሩ ላይ ከእሱ ቀጥሎ ላለው ልጅ በእጁ ይሰጣል። በሰው መላክ የለም። ታሪኩን ላላነበበ መንገር የለም።

ችግሩ፣ ችግር ከተባለ፣ አሥራ አንዳችንም በአንድ ቀን ስለጀመርን ሁላችንም የተነሳነው ከተለያየ ቦታ ነው። መጀመሪያውን መጀመሪያ ላይ ያነበበው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ታሪኩ በጀልባ ሰው ስለሚያሻግር አንድ ባላገርና በወንዙ ላይ ሊሠራ ስለታሰበ ድልድይ ነው። ይህን አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናገረዋለሁ፤ ያኔ ግን ጀልባ መኖሩን ሳያውቅ ድልድዩ ሲመረቅ ያነበበ ልጅ ነበር። ውሃ ቧንቧው ጋ ስንገናኝ አንዱ «ሽማግሌው ታመመ እኮ» ሲል ሌላው «የቱ ሽማግሌ? እኔ ያለሁበት ጋ ገና ልጅ ነው!» ይላል። ጎፋ ያሉት መካኒሳ ያሉትን «መጨረሻውን አትንገሩን» ብለው ይሸሻሉ። መካኒሳ ያሉት ደግሞ የመጀመሪያውን ለማወቅ ጎፋ ያሉትን ይለማመጣሉ። እንደዚያ ሆኖ የተነበበ መጽሐፍ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ሙሉጌታ በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ግን አንድ ክፍል ነበርን። አባዬ እግሩን ማሽን ጎድቶት ቤት በዋለ ጊዜ ሙሉጌታ ትምህርቱን አቋርጦ ሦስት ዓመት ጋራዥ ሠርቷል። ጊዜው ሲሻሻል ተመለሰ። አንድ ዓመት ደግሞ እንዲሁ ባከነበት፤ እንዴት እንደባከነ አሁን አላነሳውም፤ የብዙ ልጅ ዓመት ባክኗል። እንግሊዝኛውን የተማረው ጋራዥ ነው። የመኪና መጽሐፍ እያነበበ ለባለጋራዡ ይተረጉምለት ነበር። ስለዚህ ያልገባኝን ቃል ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ ከመኪና አይርቅም። አንድ ጊዜ «ማመንታት» ማለት የሆነውን የእንግሊዝኛ ቃል ጠየቅሁት። «ፍሬንና ነዳጅ እኩል መርገጥ ነው» አለኝ። ይህን ትርጉም የትም መዝገበ ቃላት ላይ አላገኘሁትም፤ ግን ቃሉን አልረሳሁትም።

የዚያን ጊዜ ነፋስ ስልክ ሰዓት የሚያውቀው በፋብሪካ ጡሩምባ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ሴቶቹ ከሥራ ይወጣሉ፤ ሁሉም ጥላ ይዘው፣ ሁሉም እየተሳሳቁ። ውይይት የሚባለው የጋራ ታክሲ የሚቆምበት ጥግ ላይ አንዲት የካሴት ቤት ነበረች። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ሰቅሎ ክረምቱን በሙሉ አንድ ካሴት ብቻ ያጫውታል። ሰዉም ጠላው፣ ከዚያ ለመደው፣ ከዚያ ሲጠፋ «ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ከእሱ ፊት ለፊት በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች። አንዱ ራስ አሥር ሳንቲም ነው፤ ጠቆር ያለውን ከመረጥክ አምስትም ትሰጥሃለች። ለሙሉጌታ ከጋራዥ ጊዜው የተረፈው ነገር ቢኖር ቡናማ የሰልባጅ ጃኬት ነው። ዚፑ እስከ አንገት ይዘጋል። እሱ ሲለብሰው ፊልም ላይ ያለ ሰው ይመስላል፤ እኔ ስለብሰው ጉልበቴ ይደርሳል። ቤል ቦተም ሱሪ ያኔ እየቀረ ነበር፤ የእኔ ግን ከእሱ የወረስኩት ስለሆነ ገና አልቀረም። አሁን የካሴት ቤቷ ያለችበት ጥግ ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ ከሥሩ የሽንት ቤት ዕቃና ሴራሚክ ይሸጣል። ባለፈው ሰሞን ለቧንቧ ዕቃ ገብቼ ነበር። ሻጩ «አባባ፣ ምን ልታዘዝ?» ሲለኝ ለምን እንደገባሁ ጠፋኝ።

ስለ ንባቤ ልናገር። ዘገምተኛ ነበርኩ። የማላውቀውን ቃል ማለፍ አልችልም፤ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ፣ ከእያንዳንዱ ቃል በላይ አማርኛውን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ነው የማነበው። አንድ ገጽ አንድ ጠዋት ይወስድብኛል። ክፍል ውስጥ ያወጡልኝ ስም «ዔሊ» ነው። በስም ዝርዝሩ ላይ ከጎፋው ጀማል ቀጥሎ ሙሉጌታ፣ ከሙሉጌታ ቀጥሎ እኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ የመካኒሳ አቦዋ ሰናይት ናት። ሙሉጌታ አንዱን ቁራጭ በአንድ ቀን ይጨርሳል። እኔ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ስምንተኛው ቁራጭ እኔ ጋ ስድስት ቀን ሞልቶት ነበር፤ ሰናይት ደግሞ ባዶ እጇን ተቀምጣለች። ቁራጮቹን ስንሸጋሸግ የሚዘገየው አንድ ሰው አይደለም። አንዱ ሲቆም ከኋላ ያሉት ይደራረቡበታል፤ ከፊት ያሉት ይደርቃሉ።

ሐሙስ ዕለት ምሳ ልንበላ ስንል ጀማል ለሙሉጌታ ተራው የደረሰውን ቁራጭ ይዞ መጣ። ደጃፉ ላይ ጥላውን አራግፎ፣ «ዔሊው የት አለ?» አለ።

«ይኸው፣ ድንጋዩ ውስጥ» አለ ሙሉጌታ፣ ብርድ ልብሱን እላዬ ላይ እየሳበ።

«ሰናይትን ገበያ አገኘኋት። ምን አለች መሰላችሁ? ‹ቁራጩ በእግሩ እየመጣ ከሆነ ከመካኒሳ በታች ያለው ወንዝ ጋ ወርጄ ልቀበለው ወይ?› አለች።»

እማዬ ከምድጃው ዞር ሳትል፣ «ልጄን ተዉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች።

«እማማ» አላት ጀማል፣ «እንቁላሉማ ቀድሞት መካኒሳ ገብቷል።»

ሁሉም ሳቁ። እማዬም ሳቀች። እኔም እንደ መሳቅ አልኩ። ሙሉጌታ መሳቁን ተወና «እውነት፣ ጨረስክ?» አለኝ።

አራት ገጽ ይቀረኝ ነበር። የቁራጩ የመጨረሻ አራት ገጽ። ጀማል እያየኝ ነው። «ጨርሻለሁ» አልኩ።

«ማጠቃለያውስ?»

«እሱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«በቃ፣ አንተ ማጠቃለያህን ጻፍ፤ እኔ አደርስልሃለሁ።»

እማዬ አሁን ዞረች። «በዚህ ዝናብ የት ነው የምትሄደው? ሰሞኑን ደግሞ መንገዱ ጥሩ አይደለም ይባላል። ልጅ እየያዙ ነው አሉ።» እውነቷን ነው፤ በዚያ ዘመን ወጣት ከመንገድ ታፍሶ ለውትድርና ይወሰድ ነበር። ለዚሁ ብሎ ሙሉጌታ ሳምንት ሙሉ ከግቢ አልወጣም።

«እማዬ፣ በዝናብ ማን ሰው ይይዛል?» አላት። «እነሱም ይበርዳቸዋል እኮ።»

እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቁመቴ ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ማንም አይነካኝም ነበር። መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሕጉም በእጅህ ስጥ ነው የሚለው። «እኔ እሄዳለሁ፣ ግን ነገ፤ አራት ገጽ ይቀረኛል» ማለት ነበረብኝ። ይህ ዓረፍተ ነገር አጭር ነው። ብዙ ጊዜ ለብቻዬ ብዬው አውቃለሁ፤ ምንም አይከብድም። ሙሉጌታ ቁራጩን ከሸሚዙ ሥር ሸጎጠ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘጋ። ምሳውን ቆሞ ሁለት ጉርሻ በልቶ ከጀማል ጋር በአንድ ጥላ ወጣ። ጀማል ጎፋ ላይ ሲለየው ጥላውን ውሰድ ብሎት እንቢ ማለቱን በኋላ ነግሮናል።

ፀሐይ ሳትገባ አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ የእማዬ ወዳጅ መጣች። ሳትቀመጥ ነው የተናገረችው። «ልጅሽን ይዘውታል። ወንዙ ሳይደርስ። አሰልፈው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሲወስዷቸው አይቻለሁ።» እማዬ በእጇ የያዘችውን ሳህን አጥባ ጨረሰች፣ ከዚያ ተቀመጠች። አባዬ የሙሉጌታን የተማሪ መታወቂያ ይዞ ሄደ፤ ተማሪ አይነካም ይባል ነበር። በሩ ላይ ያለው ሰው መታወቂያውን አገላብጦ አየና «ይሄ እኮ ሰኔ ላይ አብቅቷል» አለው። «መስከረም ይታደሳል» አለ አባዬ። «መስከረም ላይ ተማሪ ይሆናላ» አለው ሰውየው። «አሁን ግን ነሐሴ ነው።» ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ተማሪ ነው ብሎ የሚመሰክር ዘበኛው ብቻ። አባዬ ዳይሬክተሩን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ደብዳቤ ለማጻፍ ወሰነ።

ዓርብ ጠዋት አባዬ ወደ ዳይሬክተሩ፣ እማዬና እኔ ወደ አዳራሹ ሄድን። ዝናቡ አባርቷል። እማዬ ጋቢና በፌስታል ቆሎ ይዛለች። ከአጥሩ ውጭ ብዙ እናቶች አሉ፤ ሁሉም ጋቢ ይዘዋል። ያን ጠዋት በሩን የሚጠብቁት ጋሽ ታደሰ የእኛው ሰፈር ሰው ናቸው። ቢሮ ውስጥ «ጓድ ታደሰ» ነው የሚባሉት፤ መንገድ ላይ «ጋሽ ታደሰ»። እማዬ የትኛውን እንደምትል ግራ ገባትና ስማቸውን ሳትጠራ እጃቸውን ያዘች። እሳቸውም ፊቷን ሳያዩ ወደ ጓሮ በኩል ያለውን የሽቦ አጥር በአገጫቸው አሳዩን።

ሙሉጌታ መጣ። ያው ነው። ጃኬቱን ለብሷል፤ ፀጉሩ ላይ ጭድ ነበረበት። እማዬ «በልተሃል?» አለችው። «በልቻለሁ» አላት። «ምን በላህ?» «ዳቦ።» «ዳቦ ብቻ?» «ዳቦ በሻይ።» እንደዚህ እያሉ ቆሎውን በሽቦው ቀዳዳ እፍኝ በእፍኝ አቀበለችው፤ ጋቢውን ከላይ ወረወርንለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ጃኬቱን ከፈተ፣ ከሸሚዙ ሥር ቁራጩን አወጣ። የሲሚንቶ ወረቀቱ ትንሽ ከመሸብሸቡ በቀር ምንም አልሆነም።

«ለሰናይት ዛሬውኑ አድርስላት» አለኝ። «ባዶ እጇን ስትጠብቅ ሰንብታለች።»

«እሺ።»

«መጨረሻው ግን አሪፍ አይደል?»

«አሪፍ ነው» አልኩ።

«የቱ ጋ ወደድከው?»

«ሁሉንም።»

አየኝ። ከዚያ ሳቅ አለና «አንተ ዔሊ» አለኝ። ያወቀብኝ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አላወቀም እላለሁ፤ ሳቁ የመሰናበቻ ሳቅ ብቻ ነው እላለሁ። የቱ እንደሚሻለኝ አላውቅም። ከውስጥ ፊሽካ ተነፋ፣ ስም መጥራት ተጀመረ። «ሂድ፣ ሂድ አሁን፤ አባዬ ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ ማታ ቤት እንገናኛለን» አለ።

እማዬ እዚያው ቀረች። እኔ ሄድኩ፣ ማታ እንገናኛለን ስላለ። ልጆቹን የጫኑት ኦራል የጦር መኪናዎች አምስት ሰዓት ላይ ወጥተዋል። አባዬ ደብዳቤውን ይዞ የደረሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ማህተም የተመታበት፣ የተፈረመ፣ ትክክለኛ ደብዳቤ። ሙሉጌታ ሲጫን ከእኛ ያየችው እማዬ ብቻ ናት። እንዴት እንደተጫነ እስክትሞት አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ከሙሉጌታ አንድ ደብዳቤ ከሰሜን ጦር ግንባር መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

እኔ ግን ያን ጠዋት ይህን አላውቅም። ጎፋን አልፌ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግሬ መካኒሳ ወጣሁ። የሰናይት ቤት ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። በሩን ስታንኳኳ ውሻው ሳይሆን አባቷ የሚጮኹበት ቤት ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ ያን ቀን የከፈተችው ራሷ ናት። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋለች።

«በስመ አብ! ዔሊው በእግሩ መጣ!» አለች። ፊቴን ስታይ ድምጿን ቀነሰች። «ሙሌስ? እሱ የሚያመጣው መስሎኝ።»

«ትናንት ወደ እናንተ ሲመጣ ያዙት።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቁራጩን ሰጠኋት። ሌላ የምታደርገው ስላጣች ይሆናል፣ ጀርባውን ገልብጣ ፊርማ ፈለገች። ጀማል ፈርሟል። ሙሉጌታ ፈርሟል። ከሥሩ ባዶ ነው።

«አልፈረምክም እኮ።»

«አልጨረስኩትም» አልኳት።

«ስንት ይቀርሃል?»

«አራት ገጽ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅብኝ ነበር። «ግባ» አለችኝ። በረንዳው ላይ አግዳሚ ነበር፤ ተቀመጥን። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቁራጩን ለሁለት ከፈለችው። የፊቱን ለራሷ ያዘች፣ የኋላውን ለእኔ ሰጠችኝ። እሷ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ እኔ ካቆምኩበት። ደብተሬን አልያዝኩም፤ እርሳስም የለኝም። የማላውቃቸው ብዙ ቃላት ነበሩ። እነሱን እየዘለልኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።